የየራስ ሳህን

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሱብሂ ተሰግዶ ፀሐይ የአጥሩን ቆርቆሮ መንካት ስትጀምር፣ አያ ሙላው ሚስታቸውን ራሕማንና ልጃቸውን ሱሀይላን ሳሎን ጠርተው፣ ሬዲዮውን ዘግተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዛሬ ምሳ እንደሚበሉ አስታወቁ። ራሕማ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ሱሀይላ ስልኳን አንስታ ለአንድ ሰው መጻፍ ጀመረች። አያ ሙላው አርባ ዓመት ድንጋይ ሲጠርቡና ግንብ ሲያቆሙ ምሳ የዘለሉበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው መካነ ሰላም ውስጥ አይገኝም፤ እንዲያውም አሠሪዎቻቸው ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት እሳቸው መዶሻ ሲያስቀምጡ አይተው ነው ይባላል። የዛሬው ምሳ ግን ከእህታቸው ከሀዲያ ጋር ነው። በትክክል ለመናገር፣ ሀዲያ ባለችበት ነው። ይህን ተናግረው ሲያበቁ ቁርሳቸውን በሉ፤ እንደ ልማዳቸው የዳቦውን መሀል ጨርሰው ጠርዙን ዙሪያውን ትተው ተነሱ። ራሕማም ሠላሳ አራት ዓመት ስታደርግ እንደኖረችው ጠርዙን ሰብስባ ለዶሮዎቹ ወሰደች። ያ ጠርዝ በፊት ሌላ ባለቤት እንደነበረው ታውቃለች፤ ዶሮዎቹ በውርስ ነው ያገኙት።

ከሀዲያ ጋር ጥል የላቸውም። ይህን አያ ሙላው ለጠየቃቸው ሁሉ ተናግረዋል፤ ሀዲያም ደጎሎ ተቀምጣ ለጠየቃት ሁሉ ይህንኑ ትናገራለች። አራት ዓመት ከአንድ ትሪ አልበሉም፣ ሌላ ነገር የለም። የዘመድ ሰርግ ላይ ሲገናኙ ደጋሾቹ ነገሩን ስለሚያውቁ አንዱን ዳስ፣ አንዷን ጓዳ ያስቀምጣሉ። ሰላምታም ቢሆን አይጓደልም፤ ሀዲያ «እንደምን ዋላችሁ» ብላ ለቤቱ ሁሉ ትሰጣለች፣ አያ ሙላውም ቤቱ ውስጥ እንዳለ ማንኛውም ሰው ድርሻቸውን ይቀበላሉ። የጀመረው እናታቸው የሞቱ ቀን ነው። እናትየው መጨረሻ ላይ ደጎሎ ሀዲያ ዘንድ ነበሩ። ክረምት ነበር። ስልኩ የተደወለው ጠዋት ነው፤ አያ ሙላው ደጎሎ ሲደርሱ ግን ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፣ ቀብሩ አልቆ ቀባሪውን ሀዲያ ደጃፍ ላይ እጁን ሲታጠብ አገኙት። በሩ ላይ ቆሙና «አንድ ወንድም አይጠበቅም ነበር?» አሉ። ሀዲያ አየቻቸው፤ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፤ ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች። ለቅሶ ቤት ሳይገቡ፣ ውሃ ሳይቀምሱ፣ መቃብሩ ላይ ዱዓ አድርገው በመጡበት መኪና ተመለሱ። ለምን እንደዘገዩ ሲጠየቁ የሚያነሱት አቀስታ አካባቢ መኪናውን የያዘውን ጭቃ ነው። ያ ጭቃ በመጀመሪያው ዓመት እስከ ጎማው ግማሽ ነበር፤ ባለፈው ረመዳን ሲያወሩት እስከ በሩ እጀታ ደርሶ ነበር።

በዚህ አገር የተቀያየመ ሰው ከአንድ ትሪ አይበላም። ከበላ አበቃ፤ ሽማግሌ ቢኖርም ባይኖርም ታርቋል፣ ነገ ተነስቶ ቂሜን መልሱልኝ ቢል የሚሰማው የለም። ስለዚህ ሰው እጁን የት እንደሚሰድ ይጠነቀቃል። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ነበር። አያ ሙላው እኔ ምን አልኩ፣ ከማን ጋር ተጣላሁ ብለው ጠየቋቸው፤ ሽማግሌዎቹ የሌለ ጥል እንዴት እንደሚታረቅ ስላላወቁ ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። አሕመዲን ሱሀይላን ባይጠይቃት ኖሮ ነገሩ እንዲሁ ተሸፋፍኖ ይኖር ነበር። ሱሀይላ ጅዳ ሰባት ዓመት ሠርታ የተመለሰች፣ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከመሄዷ በፊት ያጫት ሰው ሦስት ዓመት ጠብቆ ሌላ አግብቷል። አሕመዲን የደጎሎ ልጅ ነው፣ መካነ ሰላም መጥቶ ፒዛ ቤት ከፍቷል፤ አባቱ በልጅነቱ ሞቶ አጎቱ አያ አራጌ ናቸው ያሳደጉት፣ ያለ እሳቸው ቃልም ኒካህ አያስርም። አያ አራጌ ደግሞ ከሀዲያ ቤት ሁለት ቤት አልፎ ነው የሚኖሩት። ልጅቷን ወደዋታል፤ እህትና ወንድም ከአንድ ማዕድ የማይቀርቡበት ቤት ግን ነገ እኛም ስናጠፋ እንዲሁ ነው የሚተወን አሉ። ሁለቱን አንድ ገበታ ላይ ሲቀመጡ በዓይናቸው ካዩ የሰርጉን ቀን ይቆርጣሉ፤ ካላዩ እሑድ ጠዋት መኪና ይሳፈራሉ፣ ነገሩም ይቀራል። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ዘዴውን ያመጣችው ራሷ ሱሀይላ ናት። አሕመዲን ፒዛ ቤት እኮ ሁሉም ከየራሱ ሳህን ነው የሚበላ አለች። አባቷ ይህን ሲሰሙ ግድግዳ ሊለኩ እንደቆሙ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንድ ጠረጴዛ፣ አምስት ሳህን። አያ አራጌ ሁለቱን አንድ ገበታ ላይ ያያሉ፤ ከአንድ ሳህን የበላ ግን አይኖርም። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልታረቀም። ሀዲያ በስልክ ስትጠየቅ ለየብቻ ከሆነ ምን ገዶኝ አለች። አያ ሙላው ደግሞ ማንም ያልጠየቃቸው ሌላ ምክንያት ነበራቸው። ፒዛ ቤቱ ከተከፈተ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በውስጡ ጣሪያው እንደ ድንኳን የተቆለመመ ምድጃ አለ ይባላል፣ ያለ ብረት፣ ያለ እንጨት ድጋፍ የቆመ። አማች የሚሆን ሰው ቤት ሳይጠሩ መሄድ ነውር ስለሆነ ገብተው አላዩትም። በጓሮ በኩል ባለው መንገድ ግን ጉዳይ ሳይኖራቸው አራት ጊዜ አልፈዋል፣ አንድ ጊዜም ሰው አለመኖሩን አይተው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አስቀምጠው ሙቀቱን ለክተዋል።

ቤቱ «ናፖሊ ፒዛ» ይባላል። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ በፊት የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ክፍል ነው፤ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ፣ የፕላስቲክ ወንበር ገብቶለት፣ አንዱ ግድግዳ ላይ ባሕርና ከባሕሩ ማዶ ጢስ የሚተፋ ተራራ ያለበት ባነር ተሰቅሎበታል። ከወግዲ የሚመጡ ሰዎች ያን ተራራ አይተው የማን ቀበሌ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ብቻ ያለበት ሦስት መቶ ብር፣ አይብ ያለበት አራት መቶ ሃምሳ። ሥጋ የለም። ስለሌለ እስላሙም ክርስቲያኑም ይገባል፣ በጾም ደግሞ ሰው ባለ ሦስት መቶውን ይሻማበታል። አሕመዲን ጅዳ ውስጥ የናፖሊ ሰው ምድጃ ላይ ስምንት ዓመት ቆሟል፤ ሊጡ ሁለት ቀን ማደር እንዳለበት፣ ምድጃው ውስጥ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ መቆየት እንደሌለበት፣ ጠርዙ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጠብጣብ ማረር ሳይሆን ሙያ እንደሆነ ለገባ ሰው ሁሉ ያስረዳል። ፒዛውን አይቆርጥም። ሙሉውን ያቀርባል፣ ለአንድ ሰው አንድ፣ ሹካና ቢላዋ አስከትሎ። የናፖሊው ሰው እንዲህ ነው ያስተማረው። ቤቱ ከምሳ እስከ ዐስር ሶላት ወንበር አይገኝበትም፣ አሕመዲንም ይህ የሆነው በሊጡ ነው ብሎ ያምናል። ቆም ብሎ ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ይታዘባል። ጥግ ላይ ወፍጮ አብረው አቁመው በወፍጮው የተለያዩት ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሁልጊዜ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ የሚነጋገሩት ነገር ስላላቸው። መስኮቱ ጋ የተፋቱ ባልና ሚስት ስለ ልጃቸው ትምህርት ቤት ይመክራሉ። ከዚያ ወዲህ የአንድ ግቢ ሁለት ወራሾች አሉ። ከተማው ውስጥ ሰው ሳይታረቅ አብሮ ምሳ የሚበላበት ሌላ ቤት የለም።

አያ ሙላው ከሰባት ሰዓት ትንሽ ቀደም ብለው ደረሱ፣ ራሕማንና ሱሀይላን ወንበር ላይ አስቀምጠው በቀጥታ ወደ ምድጃው ሄዱ። አሕመዲን እጁን ከዱቄት አራግፎ ሊስም ጎንበስ ሲል፣ እሳቸው ቀድመው ጎንበስ ብለው የምድጃውን አፍ እያዩ ነበር። ውስጡ ባሕር ዛፍ ይነዳል፤ እሳቱ በአንድ ጎን ተነስቶ በጣሪያው ተጠማዞ ይመለሳል። ጡቡ ዙሩን ጠብቆ እየጠበበ ወጥቶ አናቱ ላይ አንዲት ጡብ ብቻ ትቀራለች። አያ ሙላው ያቺን ጡብ ትኩር ብለው አዩዋት፣ ማን ይዟት ነው የቆመችው አሉ። አሕመዲን ነገራቸው። መጀመሪያ ወለሉ ላይ እርጥብ አሸዋ ቆልሎ የጣሪያውን ቅርጽ አስያዘው፤ ጡቡን በአሸዋው ላይ ደረደረ፤ ሲደርቅ አሸዋውን በምድጃው አፍ በአካፋ ዝቆ አወጣው። አያ ሙላው ቀጥ ብለው ቆሙ። አርባ ዓመት ሙሉ ድጋፍ ከውጭ ሲያቆሙ ኖረው፣ ድጋፉን በውስጥ አድርጎ በአፉ ማውጣት አልታያቸውም ነበር። ደስ አላቸው፤ ደስታቸውን ግን አንድ ጊዜ ራሳቸውን በመነቅነቅ ብቻ ገለጹ፣ ምክንያቱም ልጁ ገና አማች አልሆነም። በምን አያያዝከው አሉ። በሸክላ ጭቃ፣ በጭድና በጨው፤ ሲሚንቶ እሳት ላይ ይሰነጠቃል አላቸው። «ሲሚንቶ ለሰውም ጊዜ አይሰጥ» አሉና ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ።

ምክንያቱን አሕመዲን አያውቅም፣ ራሕማም አታውቅም። ያን ቀን ጠዋት፣ ስልኩ ሲደወል፣ አያ ሙላው የአንድ ነጋዴ በረንዳ ሊሞሉ ሁለት ኩንታል ሲሚንቶ አቡክተው ነበር። የተቦካ ሲሚንቶ ከተዉት ድንጋይ ይሆናል፤ ሥራው ይበላሻል፣ ስማቸውም። እናት ሞታለች፣ ሟች ደግሞ የትም አይሄድም ብለው አሰቡ፤ እንዲህ ማሰባቸውን ያወቁት ካሰቡት በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። በረንዳው እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም፤ በዚያ በኩል ጉዳይ ሲኖራቸው ግን በሌላ ጎዳና ይዞራሉ። ጭቃውማ እውነት ነው፣ ነበረ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል።

ሀዲያና አያ አራጌ አብረው ገቡ። ሀዲያ ደጃፉ ላይ ቆማ «እንደምን ዋላችሁ» ብላ ለክፍሉ ሰጠች፤ የወፍጮው ሰዎችም፣ የተፋቱትም፣ አያ ሙላውም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተቀበሉ። አያ አራጌ ረጅም፣ ዓይናቸው የማይተኛ ሰው ናቸው፤ መቀመጫውን ራሳቸው ደለደሉ፣ እህትና ወንድምን ጎን ለጎን አድርገው እሳቸው ከፊት ለፊት ሆኑ። ለማየት ነው የመጡት። ጠረጴዛው ጠባብ ነበር። አምስቱ ፒዛ ሲቀርብ እያንዳንዱ ሳህን የመኪና ጎማ ክዳን ያህላል፣ ጠርዝ ለጠርዝ ተነካኩ። አያ ሙላው ሳህናቸውን አንድ ጣት ወደ ግራ ገፉ። ሀዲያም የሷን አንድ ጣት ወደ ቀኝ ገፋች። በመሀሉ በጠረጴዛው የሰም ጨርቅ ላይ የታተመች አንዲት ብርቱካን ብቅ አለች፣ ሱሀይላም ያቺን ብርቱካን በዓይኗ ትጠብቃት ጀመር።

በሹካና ቢላዋ መብላትን ሁሉም ከሌላው ሊማር ስለፈለገ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልጀመረም። አያ አራጌ ቢስሚላህ ብለው እንደ ጫማ ቆዳ ቀደዱት። ራሕማ በእጇ አደረገች። አያ ሙላው መጀመሪያ ላዩን መረመሩ፤ ቀዩ ቲማቲም ነው፣ ነጩ ከደሴ በበረዶ ሳጥን በሚኒባስ የሚመጣ አይብ ነው፣ አረንጓዴው ቅጠል ግን ጣታቸው ላይ ሲታሽ የጓሯቸው በሶብላ ሆኖ ተገኘ። ጅዳ ድረስ ሄዶ በሶብላ ይዞ መጣ ብለው አሰቡ፣ ልጁን ግን ይበልጥ ወደዱት። መሀሉ ለስላሳ ነው፣ ሾርባ ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ እየጣፈጣቸው በሉት። ወደ ጠርዙ ሲደርሱ ተነፍቶ ጠቁሮ አዩት፤ አሕመዲን የሚለውን ያህል ሙያ ይኑርበት አይኑርበት፣ ጠርዝ ጠርዝ ነው። እየቆረጡ ወደ ሳህኑ ዳር ይገፉት ጀመር፣ ወደ ቀኝ፣ በሀዲያ በኩል።

ወሬው በሥነ ሥርዓት ሄደ። የደጎሎ ገብስ ዘንድሮ እንዴት እንደሆነ፣ ከአቀስታ ወዲህ ያለው መንገድ ጠጠር ስለመልበሱ፣ የዘይት ዋጋ። ሀዲያ ወንድሟን መጠየቅ ያለባትን ራሕማን ጠየቀች፣ አያ ሙላውም መልሳቸውን ለአያ አራጌ ሰጡ። አያ አራጌ ሁለቱን እያፈራረቁ ያያሉ፤ ያዩት ነገር ደስ ያሰኛቸው ይመስላል፣ ወይም ፒዛው። ሱሀይላ ትንፋሿን መልቀቅ ጀመረች። መንገዱ ሲነሳ አያ ሙላው ከልምድ ብዛት ስለ ጭቃው ጀመሩ፤ ዛሬ ጭቃው ወደ መስኮቱ እየተጠጋ ነበር።

አያ አራጌ ሹካቸውን አስቀመጡ። «ያን ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ እኮ» አሉ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ሀዲያን ያከበርኳት። ጀናዛው ለዙሁር ደርሶ ነበር። ሼሁ እንነሳ ሲሉ፣ ወንድሜ መንገድ ላይ ነው ብላ ቃሬዛው ላይ እጇን ጭና እስከ ዐስር ሶላት አቆመችን። በዝናብ። ያልተቆጣት ሰው የለም፣ እጇን ግን አላነሳችም። አንቱ ይህን አልሰሙም?»

አያ ሙላው አልሰሙም ነበር። ማን ይነግራቸዋል፤ ለቅሶ ቤቱ አልገቡ፣ ከዚያ ወዲህም ጥል ስለሌለ ነገሩን ያነሳ ሽማግሌ የለ። እስከ ዐስር ሶላት። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በጭቃው ግማሽ ሰዓትና በሲሚንቶው ሁለት ሰዓት ደመሩት፤ አንድም ደቂቃ አልተረፈም። ግንብ የሚለካ ሰው በመሆናቸው ደግመው ለኩት፣ ያው ሆነ።

«ተውት አያ አራጌ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል» አለች ሀዲያ። ፊቷ ቀላ፤ ፊቷን ከወንድሟ አዙራ ራሕማን ስለ ሙሽራዋ ፍራሽ ትጠይቃት ጀመር፣ ከደሴ ይሻላል ወይስ ከአዲስ አበባ፣ በቶሎ በቶሎ፣ ለፍራሽ እንዲያ የተጣደፈ ሰው አይታይም። አፏ ፍራሽ ላይ እያለ እጇ ለብቻው ሄደ። በሰም ጨርቁ ላይ ያለችውን ብርቱካን አልፎ ወደ ግራ ሄደ፣ በአያ ሙላው ሳህን ዳር ላይ ከተገፋው ጠርዝ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን መረጠ፣ ቆረሰ፣ ወደ አፏ ወሰደው። እናታቸው ቤት ውስጥ በየማለዳው ያደርግ የነበረውን እጇ አደረገው፤ ያኔ እሷ የስድስት ዓመት ልጅ፣ እሳቸው የአሥር ዓመት ነበሩ፣ ዳቦውም የአንድ ሰው ዳቦ ነበር።

ራሕማ ስለ ፍራሽ የጀመረችውን አልጨረሰችም። ሱሀይላ ብርቱካኗን ማየት አቆመች። አያ አራጌ አፋቸው ውስጥ ያለውን በአንድ ጉንጭ ይዘው ቀሩ። መጨረሻ ላይ ያወቀችው ሀዲያ ናት፤ ጸጥታው ሲበዛባት የሚያዩበትን ተከትላ ወደ ገዛ እጇ ደረሰች። የተረፈውን ቁራሽ አየችው። መመለስ አይቻልም፣ ግማሹ ወርዷል።

አያ ሙላው ማንንም አላዩም። ሁለቱን መዳፋቸውን ሳህኑ ላይ አድርገው ቀስ ብለው አዞሩት፣ ያልተነካው ጠርዝ ሁሉ ወደ እህታቸው እስኪዞር ድረስ፤ መሠረት ድንጋይ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ደግሞ በቀረው ክፍተት ትንሽ አስተካከሉት።

«ሲሚንቶ አቡክቼ ነበር» አሉ።

ራሕማ የምድጃው ነገር መስሏት ወደ አሕመዲን ዞረች። አያ አራጌ ትርጉሙን ከሱሀይላ ፊት ላይ ፈለጉት፣ እዚያም አልነበረም። ሀዲያ አላመጠች፣ ዋጠች፣ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«አይቼዋለሁ፣ አያ» አለች። «ሱሪህ ላይ ደርቆ ነበር፣ እስከ ጉልበትህ።»

ከዚያ ሌላ ጠርዝ ቆረሰች። ጥግ ላይ ያሉት የወፍጮው ሰዎች ይህን ሁሉ ሲያዩ ቆይተው ነበር፤ ሁለቱም፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ፣ ሳህናቸውን ወደየራሳቸው ሳብ አደረጉ።